ለልጅ ልጄ የጻፍኳት እንግሊዝኛ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከስፌት ክፍሌ

የምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ደረጃ ስወጣ ካልሆነ ትዝ አይለኝም።

በስልክ ያልሽኝ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ። ትንሿን «ለእረፍት አያትሽ ጋ እንሂድ» ስትያት፣ «ከማላወራት ሰው ጋር ምን እሠራለሁ?» አለችሽ አይደል? እውነቷን ነው። እኔ እንግሊዝኛ አልችል፣ እሷ አማርኛ አትችል፤ ሄሎ ሄሎ ተባብለን ስንሳሳቅ ይኸው ስድስት ዓመቷን ደፈነች። «እሷ ካልፈለገች ጉዞው ይቆየን» ስትዪኝ «ምንም አይደል» አልኩሽ። ስልኩን ዘግቼ ግን አለቀስኩ።

ስለዚህ ተማሪ ሆኛለሁ። ሳቂ! ጡረታ የወጣችው ታይፒስት ጎረቤቴ ከማሽኔ አጠገብ ወንበር ስባ ታስተምረኛለች። ሴትዮዋ ምሕረት የላትም። መጀመሪያ ቀን እንደለመድኩት አራት ነጥብ ደረደርኩ። «እዚህ አንዷ ትበቃለች፤ ሦስቱን ለነገ አስቀምጪ» አለችኝ። በማግስቱ ደግሞ ነጥብ የሚባል ረስቼ ገጹን ሙሉ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት። «ስፌት ስትጨርሺ ክሩን ሳትቋጥሪ ትተዪዋለሽ?» ስትለኝ ነው የገባኝ። ቃለ አጋኖን ያወቅኩ ዕለትማ ጉድ ፈላ፣ በየመስመሩ ተከልኩት። «ልጅቷን ልትጠሪያት ነው ልትጮኺባት?» አለችና ከአንዱ በቀር ሁሉንም ሰረዘችው።

ከዚህ ጋር ያለችው ወረቀት የትንሿ ናት። «አያትሽ ነኝ» ይላል፣ ነጥብ። «ቀሚስ እየሰፋሁልሽ ነው» ይላል፣ ነጥብ። «ኪስ ይኑረው?» ይላል፣ የጥያቄ ምልክት። የተረፈችኝን አንዷን ቃለ አጋኖ «ነይ» ላይ አደረግኳት።

ስህተት ብታገኚ እንዳታርሚ አደራ፤ በእጄ እንደጻፍኩት ስጫት። ከሥሩ ሰፊ ቦታ ትቻለሁ፣ ታይፒስቷ «ወረቀት አባከንሽ» ብትለኝም። መልሷን እዚያው ትጻፍ፤ መጻፍ ከሰለቻት ኪሱን ትሣልልኝ። እንቢ ብትልም አልቀየማትም። ግን ትመጣለች ብዬ፣ እስከዚያ ታድጋለችና ቀሚሱን ረዘም አድርጌ ቆርጬዋለሁ።

መቼም የስድስት ዓመት ልጅ ብቻዋን አትመጣም። የድሮ አልጋሽን በመስኮቱ በኩል አዙሬዋለሁ፤ አንሶላውንም ትናንት አጠብኩት።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ የልጅሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ።

እናትሽ