የቀለብ ትርጉም ተጠንቶ እስኪያልቅ ስለምንበላው

ለሕግ ቃላት ጥናት መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ከአራተኛው ቀጠሮ ማግስት

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ «ቀለብ» የሚለውን ቃል ትርጉምና አመጣጥ አጥንቶ እስኪጨርስ ድረስ እኔና ልጆቼ ምን እንደምንበላ መመሪያ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. አመልካች በመሥሪያ ቤትዎ ጽሕፈት ክፍል በታይፒስትነት ያገለገልኩ፣ የሁለት ሴት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ የመሥሪያ ቤትዎ ብቸኛው የቃላት አመጣጥ ባለሙያ ነው። ፍቺያችን ገና ስላልተወሰነ «ባለቤቴ» ማለቴን በትዕግሥት ይለፉልኝ፤ እኔም የምጽፈው በትዕግሥት ነው።

2. ቤቱን ጥሎ ሲወጣ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ቀለብ እንዲቆረጥልን ለፍርድ ቤት አመለከትኩ። የተከበሩት ዳኛ ሊወስኑ ሲሉ ባለቤቴ ብድግ ብሎ፣ የቃሉ ትርጉም አሻሚ ስለሆነ አስቀድሞ በባለሙያ ይጠናልኝ አለ። ፍርድ ቤቱም መሥሪያ ቤትዎን በደብዳቤ ጠየቀ። መሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤውን ለሚመለከተው ባለሙያ መራው። የሚመለከተው ባለሙያ ባለቤቴ ነው።

ደብዳቤው የተመራበት ፊርማ የክቡርነትዎ ነው። ቂም አልያዝኩም። የደብዳቤ ክምር ከፊትዎ ሲቀመጥ ሳያነቡ እንደሚፈርሙ፣ ክምሩን የማቀርብልዎ እኔ ስለነበርኩ አውቃለሁ።

3. ከዚያ ወዲህ በየቀጠሮው «ጥናቱ በሂደት ላይ ነው» እየተባለ ስመለስ ቆይቼ፣ ትናንት የጥናቱ የመጀመሪያ ክፍል ቀረበ። በዚሁ መሠረት ቀለብ ጥንት ለወታደር፣ ለእስረኛና ለበቅሎ ይሰፈር የነበረ ሲሆን ሚስት እስካሁን ከዝርዝሩ ውስጥ አልተገኘችም። ፍለጋው ቀጥሏል። ለጥናቱ ይረዳ እንደሆነ እኔም መረጃ ልስጥ፦ ታዝዣለሁ፣ ከቤት ሳልወጣ ኖሬአለሁ፣ ተሸክሜአለሁ። ከሦስቱ በአንዱ ብመደብ ቅር አይለኝም፤ በቅሎም ቢሆን።

የቀድሞ ባልደረቦቼ እንደነገሩኝ ደግሞ ምሳ ሰዓት ሲደርስ በክበቡ ወረፋ ፊት የሚገኘው እሱ ነው። ሳህኑ ላይ የተደረገለትንም ትርጉም ሳይጠይቅ ይበላዋል አሉ።

4. ሥራዬን የለቀቅኩት ትልቋን ልጄን ሳረግዝ ነው። «አንቺ ቤትሽ ተቀመጪ፤ እኔ እያለሁ ቀለብ አያሳስብሽ» ያለኝ እሱ ነው፤ እዚያው ጽሕፈት ክፍላችን ውስጥ፣ በጽሕፈት መኪናዎቹ መካከል ቆሞ፣ ጓደኞቼ እየሰሙ። ያን ቀን ቃሉ ግልጽ ነበር፤ የግርጌ ማስታወሻም አልነበረውም። አምኜው የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻዬን እዚያው በራሴ መኪና ጻፍኩ።

5. ለሰፈራችን ባለሱቅ ጉዳዩ በጥናት ላይ መሆኑን አስረዳሁት። በጥሞና ካዳመጠኝ በኋላ፣ «እንግዲያው እትዬ፣ ዘይቱንም ጥናቱ ሲያልቅ ይወስዱታላ» አለኝ። ትንሿ ልጄ ትምህርት ቤት የምትሄደው ባዶ ምሳ ዕቃ ይዛ ነው። ጓደኞቿ እንዳያውቁባት፣ ክብደት እንዲኖረው ውሃ ትሞላዋለች። ይህ በጥናቱ ውስጥ አልተካተተም።

6. ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ) ጥናቱ ከባለቤቴ ላይ ተነሥቶ፣ ርቦት ለሚያውቅ ለማንኛውም ሠራተኛ እንዲመራልኝ፤

ለ) ይህ የማይቻል ከሆነ ደግሞ «ደመወዝ» የሚለው ቃልም አመጣጡ ገና ያልጠራ መሆኑን እንዲገነዘቡልኝ ነው። ከደምና ከወዝ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ የማን ደምና የማን ወዝ እንደሆነ ግን እስካሁን ያጣራ የለም። ይኸው እስኪጣራ ድረስ የባለቤቴ ደመወዝ ታግዶ ይቆይልኝ። የዚህን ቃል ጥናት ያለ ምንም ክፍያ ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ። አልቸኩልም።

ጥናት ከማያሻው ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ የቀድሞ ታይፒስትዎ