ማታ ማታ የሚረሳው ኮምፒውተር

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ብርዱ ጣት አያሳጥፍም። ዛሬም ኪቦርድ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተማርኩ። አንዷ ተማሪ "ቲቸር፣ ኢንተር ቁልፉ ሲጫኑት ድምፅ አለው?" አለችኝ።

ርዕሰ መምህሩ በእውቀቱ አስጠራኝ። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ የፊታችን ማክሰኞ ሳይሆን በሚቀጥለው ይመጣል። አሥራ አንዱም ኮምፒውተሮች ይወገዳሉ፣ ክፍሉም መጋዘን ይሆናል። "አንድ እንኳ የሚሠራ ካሳየሽኝ እከራከርልሻለሁ" አለ። አንድ... የሁሉም ሃርድ ዲስክ ሞቷል እኮ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ወንድሜ ሁዜይፋ ከደሴ በሚኒባስ ፍላሽ ላከልኝ። ቀለል ያለ ሲስተም ጭኖበታል፤ ሃርድ ዲስክ ባይኖርም ከፍላሹ ይነሳል አለ። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ከፊት ሰካሁት፣ አላየውም። ከኋላ ሰካሁት፣ አየው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ መነሻውን ፍላሹ አደረግኩት። ሲያጓራ፣ ሲያጓራ ቆየና... ተከፈተ። አልሀምዱሊላህ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

እምቢ አለ። "ዲስክ የለም" ይላል። ሴቲንጉ ወደ ድሮው ተመልሷል። ቀኑም አሥራ ምናምን ዓመት ወደኋላ ሄዷል። እንደገና አስተካከልኩት፣ ሠራ። ማን ነካው? የክፍሉ ቁልፍ ያለው እኔ ጋና የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ጋሽ ይሄነው ጋ ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ዛሬም ተመልሷል። ደሜ ፈላ። በሻይ እረፍት፣ መምህራኑ ሁሉ ባሉበት፣ "ማታ ማታ እየገባ ኮምፒውተሬን የሚነካካ ሰው አለ። ክፍሉን ለመጋዘን የሚፈልገው ማን እንደሆነ እናውቃለን" አልኩ። ስም አልጠራሁም። ግን ሁሉም ወደ ጋሽ ይሄነው ዞረ። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

ልክ ነኝ... አይደል?

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ጋሽ ይሄነው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"ኢልሀም ልጄ፣ እኔ የምነካው ቆጣሪውን ብቻ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ እንዳያቃጥል ማታ ማታ አጠፋዋለሁ። ይኸው ሃያ ዓመቴ።"

ይህን ብለው ሄዱ።

ለሁዜይፋ ደወልኩለት። ሳቀብኝ። "ባትሪው ሞቶ ነዋ። ውስጡ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች። ሴቲንጉንም ቀኑንም የምትይዝለት እሷ ናት። እሷ ከሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር ሁሉን ይረሳል።"

ቀኑ ወደኋላ መሄዱን በዓይኔ እያየሁት... የኮምፒውተር አስተማሪ ተብዬ። እንደዛሬ አፍሬ አላውቅም።

እሑድ፣ ኅዳር 7

የሌሎቹ አሥሩ ኮምፒውተሮች ባትሪም ሞቷል። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ያልጠየቅኩት ሱቅ የለም። ያለው ትንንሹ የሰዓት ባትሪ ብቻ ነው። ሁዜይፋ የሚልክልኝ ከሐሙስ በፊት አይደርስም። ማክሰኞ ኮሚቴው ፊት መብራት ቢሄድስ? እዚህ አገር መብራት መቼ ይታመናል።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

መጋዘን ድረስ ሄጄ "አፉ ይበሉኝ" አልኳቸው። ሁለታችን ብቻ ነበርን።

"አብሽሪ" አሉኝ። ከኮታቸው ኪስ የደም ስኳር መለኪያቸውን አወጡ። "ያቺ የምትፈልጊያት ባትሪ ይቺን ትመስላለች?"

ራሷ ናት።

"እርስዎስ ጋሼ?"

"ደም የሚነካበት ስትሪፑ ካለቀ ሁለት ወሩ። ያለሱ መለኪያው ምን ይሠራልኛል።"

ስቀበላቸው ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

እንደፈራሁት ኮሚቴው ፊት መብራቱ ሄደ። ሲመለስ ማብሪያውን ብቻ ተጫንኩ። ተነሳ። አልረሳም። ሰብሳቢው ክፍሉን ከዝርዝሩ ሰረዘው። በእውቀቱ "ጎበዝ" አለኝ፤ ተጨበጨበልኝም። ጋሽ ይሄነው አልነበሩም፤ መብራቱ ሲመለስ ዕቃ እንዳያቃጥል ቆጣሪው ጋ ቆመው ነበር።

ለምን ደስ አላለኝም?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ያቺ ተማሪ ኢንተሩን ተጫነችው። ድምፅ አለው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ትናንት ባትሪው ደረሰ። ስትሪፑንም ሁዜይፋ ፈልጎ ልኮታል። ሁለቱንም ይዤ በሻይ እረፍት ያኔ የቆምኩበት ቦታ ቆምኩ።

"ባለፈው እዚህ የተናገርኩት ውሸት ነበር። ኮምፒውተሩን የነካ ሰው የለም። ማክሰኞ ያስነሳው የጋሽ ይሄነው ባትሪ ነው። ከስኳር መለኪያቸው አውጥተው ነው የሰጡኝ።"

ሁለቱንም እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ጋሽ ይሄነው አጠገባቸው ያለውን ወንበር ሳቡልኝ።

"ነይ ቁጭ በይ፤ ሻይሽ ይቀዘቅዛል።"

ተቀመጥኩ። ዛሬ እሳቸውም ሻያቸውን ጨረሱ።