ስለ ስመኘው እጅ

ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? ጥቁሯ ላም ወለደች ወይ? መልካሙና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽና ከምጽፍልሽ ነገር በቀር ደኅና ነኝ። ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ቢሠራም ይህ በስልክ የሚነገር አይደለም። ፊደሉን አተልቄ የጻፍኩት ለዓይንሽ ብዬ ነው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርሽ ሰው ነሽና ለሌላ ሰው ሰጥተሽ አታስነብቢ፣ በተለይ ለወንድሜ ለመልካሙ። ከጨረስሽ በኋላ አንቺው በአፍሽ ንገሪው።

ነገሩ የባሌ የስመኘው ነው። በጥር፣ እህል ስትወቁ ሊያግዛችሁ መጥቶ እንደመለሳችሁት ሰምቻለሁ። እሱ አልነገረኝም። ሥራው ቶሎ አለቀ ብሎኝ ነበር የገባው። የሰማሁት ከቡሬ ገበያ ነው። መልካሙ፣ እህቴን የሚመታ እጅ የእኛን መንሽ አይጨብጥም አለው አሉ። አንቺም በሩ ላይ ቆመሽ ግባ ሳትይው፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ተመለሰ። አልቀየምኩሽም። የሰማሽው እውነት ቢሆን ኖሮ እኔም ያንኑ ባደረግሁ። እውነት ግን አይደለም፣ እምዬ። ስመኘው መትቶኝ አያውቅም። በስድስት ዓመት ትዳር አህያ ሲመታ እንኳ አላየሁትም። ይመታታል የሚለውን ወሬ የወለድኩት እኔ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። እናንተ በጅምላ ጴንጤ ትሉናላችሁ፤ የእኛዎቹ ግን መኖናይት የሚባሉት ወገን ናቸው። ጠመንጃ አንይዝም፣ የመታንን መልሰን አንመታም የሚሉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ለመጋቢነት የታጨ ሰው፣ መጋቢ ማለት እናንተ ዘንድ እንደ ቄስ ነው፣ ትምህርቱ ብቻ አይታይም። ከበላይ ጽሕፈት ቤቱ ሦስት ሰዎች ይመጡና ጎረቤት ይጠይቃሉ፣ የሚሠራበት ቦታ ሄደው ይጠይቃሉ፣ ስለ ቤቱ ጠባይ ደግሞ ሚስቱን ለብቻዋ አስቀምጠው ይጠይቃሉ። ሰው ፊት በግ፣ ቤቱ ነብር የሆነ ሰው እንዳያልፍባቸው ነው። ደግ ሥርዓት ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ዓምና በዚህ ወር ምእመናኑ ስመኘውን አጩት። ቀን የገበሬውን የውሃ ፓምፕ ሲጠግን ውሎ፣ ከሥራ መልስ የታመመ ሲጠይቅ የኖረ ሰው ነውና የተቃወመ የለም። ቢያልፍ የሚመደበው ሽንዲ ነበር። ሽንዲ ለአንቺ ቅርብ ነው፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? እኔ ግን በዘመድ ለቅሶ ላይ የጴንጤው ቄስ ሚስት መጣች ሲባል፣ የአንቺ ማኅበርተኞች ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ሲሸሹኝ ነው የታየኝ። ለእናቴ አዝኜ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ዋናው ምክንያት እሱም አልነበረም። ልንገርሽና ሳቂብኝ፤ ቧንቧው ነው። ግቢያችን ቧንቧ ከገባ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ከምንጭ እንስራ ስሸከም እንዳደግሁ የምታውቂው አንቺ ነሽ። በገዛ ግቢዬ ቧንቧ ከፍቼ ውሃ ስቀዳ፣ ከእንግዲህ ከዚህ ንቅንቅ አልልም ብዬ ነበር። ያንን ትቼ ሽንዲ የኪራይ ቤት መግባት ሞት መሰለኝ።

አልፈልግም ማለት እችል ነበር። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ቅጹ ላይ ለሚስት የተተወ መሥመር አለ፤ ፈቃደኛ ነሽ ወይ ይላል። አይደለሁም ካልሽ ነገሩ እዚያው ይቆማል፣ ማንም አይወቅስሽም። እኔ ግን ስመኘው አጠገቤ ተቀምጦ፣ እነሱ እያዩኝ፣ ከእግዚአብሔር ሥራ ቧንቧ አስበልጣ ቀረች እንዳልባል አፈርኩና ፈቃደኛ ነኝ ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ እሱን አስወጡት። ከሦስቱ ጠያቂዎች ከእኔ ጋር የቀሩት እትዬ አምለሰት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ በዕድሜ አንቺን ያህላሉ። ቁጣው እንዴት ነው አሉኝ። ሲቆጣ እጁን ያነሳል አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። መትቶሽ ያውቃል ወይ አሉኝ። አቀርቅሬ ዝም አልኩ። ዝምታዬንም ጻፉት።

አንቺ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ትይ የለ? በሁለት ቃል የሰው ስም ቀበርኩ። ስመኘውን ጠርተው ለብቻው አነጋገሩት። ሲወጣ አንድ ዓመት ቆይ ተብያለሁ አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ያኔ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን ሰው ወደቀ ብለው አይጥሉም። ቡሬ ካሉት ከመጋቢ ገነነ ጋር አቆራኙት። ሽማግሌ ናቸው፣ ብዙ ሰው መልሰዋል ይባላል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ሐሙስ እየሄደ ስለ ቁጣ ይመከራል፣ አብረው ይጸልያሉ። የሌለበትን በሽታ ሲታከም ዓመት ሞላው እልሻለሁ። መጋቢ ገነነ ከመናገርህ በፊት ውሃ ጎንጨት በል ብለውታል። ድሮም ቃል ከአፉ እስኪወጣ ሰዓት የሚፈጅ ሰው፣ አሁን ለእራት ምን ይሠራ ብዬ ስጠይቀው መጀመሪያ ወደ ቧንቧው ይሄዳል። በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል። ከራስጌዬ ካለው መደርደሪያ ዕቃ ሊያወርድ ሲል፣ እጁ ድንገት እንዳያስደነግጠኝ አስቀድሞ ስሜን ይጠራል። መጀመሪያ ሰሞን ሳቄ ይመጣ ነበር። በኋላ ጓሮ ወጥቼ ማልቀስ ጀመርኩ።

እትዬ አምለሰትም አልተዉኝም። በየወሩ ዳቦ ይዘው ይመጣሉ። ፊቴን፣ ክንዴን በዓይናቸው ይቃኛሉ። ምንም ቢመጣ ቤቴ ክፍት ነው፣ ሳታንኳኪ ግቢ ይሉኛል። ማንም ያልነካውን ክንዴን በነጠላ ሸፍኜ ዳቧቸውን በላሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነው የወለድሽው።

መስከረም ላይ የመልካሙ ሚስት መጥታ ነበር። ባልሽ ለምን ሳይሾም ቀረ፣ ይመታታል የሚባለውስ እውነት ነው ወይ አለችኝ። ሰዎች ከመዘግየቱ ተነሥተው የገመቱትን ነው የሰማችው። አይደለም ብላት እዚያው ያልቅ ነበር። ታዲያ ለምን ቀረ ብትለኝ የምመልሰው ስላጣሁ ዝም አልኩ። እናንተ ዘንድ የደረሰው ያ ሁለተኛው ዝምታዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሦስቱም ተመልሰው መጡ። እትዬ አምለሰት ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ ቧንቧውን ሳይቀር። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት። ከዚያ የዓምናውን መዝገብ ገልጠው አነበቡልኝ። ስመኘው፣ በሚስትህ ላይ እጅህን ታነሳለህ ተብሏልና እውነት ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ማን አለ ብሎ አልጠየቀም። ስለ ቤቱ የተጠየቅሁት ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያልኩት እኔ መሆኔን አውቋል ማለት ነው። እውነት ነው፣ ጻፉት አለ። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፤ ባለቤቴን እየመጣች የምትጠይቃት ሴት መድቡላት፣ የምትፈራው ነገር አለና ብቻዋን አትሁን አለ። ይህም ተጽፏል።

እትዬ አምለሰት መዝገቡን ዘጉና፣ አንቺ በሌለው ከሰስሽው፣ እሱ በሌለው በራሱ ላይ መሰከረ፣ አሁን የምናየው ሁለታችሁንም ነው አሉኝ። ቅጹን እንደገና ሰጡኝ። ፈቃደኛ ነሽ ወይ የሚለው ላይ ገና አላወቅሁም ብዬ ጻፍኩ። አንብበው፣ ገና ዛሬ መለስሽልኝ አሉ። የፊታችን እሑድ በጉባኤው ፊት ቆሜ ስሙን እመልሳለሁ። ከዚያ ወዲያ መሾም አለመሾሙ የእነሱ ነው። እስከዚያ ግን ለስመኘው ራሴ እንድነግረው ጊዜ ሰጥተውኛል።

አልነገርኩትም። ጉባኤው ፊት መቆሙ አላስፈራኝም፤ የእሱ ፊት ነው ያስፈራኝ። ሦስት ቀን ሞከርኩ። ልጀምር ስል ምነው አመመሽ እንዴ ይለኛል፤ እኔም አዎን ራሴን እላለሁ። አየሽ፣ አሁንም እዋሻለሁ።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ያስያዝኩት ለእሱ ነው። እናቴ ዘንድ አድርስልኝ ስለው በጥር የሆነበትን ሳያነሳ እሽ አለ። አላሸግሁትም። በመንገድ ቢያነበው ብዬ ነው፤ ግን አውቀዋለሁ፣ የሰው ደብዳቤ አያነብም። አንብበሽ ስትጨርሺ ስጪው፣ እሱም ያንብበው። ከዚያ ወደ እኔ ቢመለስም፣ ቡሬ መጋቢ ገነነ ዘንድ ቢያድርም፣ አትከልክይው።

በደሌ በአንቺም ላይ ነው፤ በሰው ፊት ጨካኝ አድርጌሻለሁና ይቅር በይኝ። የምትጾሚለት ጌታ ጉልበትሽን አጽንቶ ለትንሣኤው በሰላም ያድርስሽ። ቤትሽ አይጉደል፣ ከእኔም የልጅ ልጅ ያሳይሽ።

ይህን ከሁሉ አስቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ፤ ዛሬም ራሴን አስቀደምኩ። ፊደል በፊደል እየለቀምሽ እንደምታነቢ አውቃለሁ። አንቺ ይህን ሁሉ ስታነቢ እሱ ደጅ ላይ ቆሟል። ግባ ካልተባለ አይገባምና አስገቢው።

ልጅሽ