ስም የሌላት የበረሃ ቢራቢሮ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር

ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የዋንዛዬ ፍል ውሃ እንዳምናው ተሻለዎት? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራም ገብቻለሁ።

ለቅሶው ላይ «ምነው እንባሽ ደረቀ?» ብለውኝ ነበር። ሰው ፊት መመለስ አቃተኝ። አሁንም መልሱን አላውቀውም፤ የሆነውን ብቻ ልንገርዎ።

አማችዎ ብሥራት አፋር የወረደው አንዲት የበረሃ ቢራቢሮ ፍለጋ ነበር። አውራ ጣት የማታክል፣ አፈር የመሰለች፤ እንደ ሌሎቹ አትንሳፈፍም፣ እንደ ፌንጣ እየተስፈነጠረች ነው የምትበር። አብሮት ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የሚያስተምረው ጌትነት መኪናው ዘንድ ሲቀር፣ እሱ ውሃውን ትቶ ተከተላት። ሲያገኙት ከግራር ሥር ተቀምጦ ነበር አሉኝ። ፀሐይ ነው የገደለው። ቢራቢሮዋ በታጠፈ ወረቀት ደረት ኪሱ ውስጥ ነበረች።

እርስዎ ከተመለሱ በኋላ ጌትነት ወረቀቱን ይዞ መጣ። የብሥራት አባት መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ወረቀቱን ገልጠው አዩና «ይህችን ብሎ ነው?» አሉ።

«ስሟ ማነው?»

ጌትነት አንድ የፈረንጅ ስም ነገራቸው።

«በእኛስ?»

«የላትም፣ የኔታ።»

ትንፋሻቸው ክንፏን እንዳይሰብራት አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ብዙ አዩዋት። «ልጄ ስም የሌላትን ሲከተል ሞተ» ብለው ለእኔ ዘረጉልኝ። ተቀበልኋቸው። የማላውቀው ሰው ዕቃ መሰለኝ። ጌትነት በብሥራት ስም ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ትቀመጥ ቢል «ውሰዳት» አልሁት።

ከሥራ ስወጣ ጣና ዳር እቀመጣለሁ። ታንኳዎቹ ይገባሉ፣ ዓሣው ይወርዳል፤ አየዋለሁ፣ ምንም የለም። ጎረቤቴ ሸምሲያ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» እያለች ሾርባ ታመጣልኛለች። እጠጣላታለሁ። ጠዋት ጠዋት ሲያጥወለውለኝ አይታ ሐኪም ቤት የወሰደችኝም እሷው ናት። ሐኪሟ መርምራኝ «ደኅና ናችሁ» አለችኝ። ሸምሲያን ጨምራ መስሎኝ ነበር።

ለመሪጌታ ገና አልነገርሁም። ከቻሉ ግንቦት ሲያልቅ፣ ዝናቡ መንገዱን ሳያበላሸው ይምጡልኝ፤ ሰንበት ብለው ለመቆየትም አስበው። ጥሩ የገንፎ ዱቄት እዚህ አይገኝምና ከቤት ቢያዘጋጁ ደስ ይለኛል።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ጸሎትዎ አይለየን።

ልጅዎ