ፊሽካ አይመልሰው

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ታላቅ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲገባ የሚነሳብህ ወገብህ ተወህ ወይስ እንደ ክፉ እንግዳ ዛሬም ሳይጠሩት ይመጣል? ባለቤትህ እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁስ ጥርስ አወጣች? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ከታላቅ እስከ ታናሽ በአካል ደህና ነን። በአካል ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ድንጋጤው ገና ከላያችን አልወረደም። ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ጀምሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ እንባዬ ስለቀደመኝ የባጥ የቆጡን ቀባጥሬ ዘጋሁት። አትደንግጥ፤ የሞተ ሰው የለም። ግን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ነገሩ የአያታችን የአባባ ነው። ባለፈው ማክሰኞ የጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ ከፋብሪካው በር ስወጣ መንገዱ ላይ አየሁት። እንደምታውቀው ጡረታ ከወጣም ወዲህ እግሩ የሚያደርሰው ወደዚያው ነው። ከጸጉር አስተካካዩ ዘንድ ጋዜጣ ያነብባል፣ የስፖርቱን ገጽ ለምኖ ኪሱ ይከትታል፣ በበሩ አልፎ ወደ አሮጌው ኳስ ሜዳ ይወርዳል። የጥጥ እስር የጫነ ትልቅ መኪና ከግቢው ወደ ኋላ እየወጣ ነበር። አባባ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በመኪናው መንገድ ላይ ያዘግማል። ዘበኛው ጮኸ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋው። እኔ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ «አባባ!» አልኩ። ዞር እንኳን አላለም! መኪናው ከጀርባው አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

ሾፌሩ ወርዶ ከኋላው የስድብ መዓት አወረደበት። አባባ ቀስ ብሎ መንገዱን ተሻገረና ሄደ። «ምን ዓይነት ትዕቢተኛ ሽማግሌ ነው!» አለ ሾፌሩ። ዘበኛው ሳቀና «ፊሽካ አይመልሰው እኮ ናቸው! እንኳን ያንተ ጡሩምባ፣ አምሳ ዓመት ሙሉ ማንም አልመለሳቸውም» አለው። እኔም ልስቅ ነበር። አፌ ለሳቅ እንደተከፈተ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ለሾፌርስ አልመለስም ይበል፣ የጠራሁት እኮ እኔ ነኝ።

የቅጽል ስሙን ታሪክ ለአንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ግን ከዚህ በኋላ ሌላ ታሪክ ስለሚሆንብህ ልድገመው። ፋብሪካችን ከባቡር ሠራተኞቹ ጋር ለዋንጫ ሲጫወት አባባ ከመሐል የተላከለትን ኳስ ተቀብሎ በግራ ክንፍ በረረ። ዳኛው ከጨዋታ ውጭ ነው ብሎ ፊሽካውን ቢነፋ፣ ቢነፋ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ፣ በረኛው እንኳን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እያየው፣ እሱ ብቻ ሮጦ ከመረብ አገናኛትና እጁን ዘርግቶ ጨፈረ። ዳኛው ተናቅሁ ብሎ ከሜዳ አባረረው፤ አንድ ዓመት ታገደ፤ ከዚያ ወዲያ ታኬታ እግሩ ላይ አልዋለም። ይህ የቤታችን ኩራት ነበር። አጎታችን ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ያወራዋል። አንተም ከአስተማሪ ጋር ስትጣላ «የፊሽካ አይመልሰው ልጅ ነኝ» ብለህ ደረትህን ትነፋ ነበር።

ያን ዕለት ተከትዬው ቤት ስገባ በመስኮቱ በኩል፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጦ ጋዜጣውን ዘርግቷል። ከኋላው ቆሜ ዝቅ አድርጌ ጠራሁት። ከፍ አድርጌ ጠራሁት። ከዚያ ትልቁን ትሪ አነሳሁና ሲሚንቶው ላይ ለቀቅሁት። አያታችን እማማ ከምድጃው አጠገብ ዘላ ተነሣች፤ ጎረቤት በግድግዳ በኩል «ምን ወደቀ?» አለ፤ አባባ ጣቱን በምላሱ አርሶ ገጹን ገለጠ። የእማማና የእኔ ዓይን ተጋጠመ። ገና ምንም ሳልላት ራሷን ነቀነቀች፤ ክንዴን ይዛ ወደ ልብስ ማጠቢያው ወሰደችኝ።

«ስንት ዓመትሽ ነው?» አለችኝ። ሃያ ስምንት አልኳት። «እንግዲያው ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ድምፅሽን ሰምቶት አያውቅም» አለችኝ። ወንድሜ፣ የአንተንም አልሰማውም። የእናታችንን የመጀመሪያ ልቅሶ እንኳን የሰማው እንደ ሩቅ ድመት ነው አሉ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው የሚሉት እውነታቸውን ነው። አባባ ሽመና ክፍል የገባው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ሁለት መቶ የሽመና መኪና ባንድ ላይ ሲንኳኳ እዚያ የሚናገር እንጂ የሚሰማ የለም፤ ሠራተኛው ሁሉ የሚግባባው አንዱ የሌላውን ከንፈር እያየ ነው። ስለዚህ ጆሮው እንደ አሮጌ አንሶላ እየሳሳ ሲሄድ እሱም አላወቀ፣ ጓደኞቹም አላወቁ። ያን ዋንጫ ሲጫወት አንዱ ጆሮው ፈጽሞ ሞቷል፤ ሌላው ጆሮው ሥር ካልጮኹበት አይሰማም። «ታዲያ ያ ፊሽካ?» አልኳት እማማን። «የምን ፊሽካ፣ ልጄ? ጎል ያገባ መስሎት እኮ ነው የጨፈረው። ዞር ሲል ነው የሰዉን ፊት ያየው» አለችኝ።

የቀረውንም ነገረችኝ። ዳኛው ሮጦ መጥቶ «አልሰማህም ወይ?» ሲለው አባባ ከንፈሩን አነበበ። አልሰማሁም ቢል ኖሮ በዚያው ያልቅ ነበር። ግን የሽመና ክፍሉ አለቃ ከሜዳው ዳር ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ በዚያው ወር ደግሞ አንድ ሸማኔ ጆሮህ ደክሟል ተብሎ ተሰናብቷል። እማማ እናታችንን የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ስለዚህ አባባ ዳኛውን ፊት ለፊት አይቶ «ሰምቻለሁ! ምን ታመጣለህ?» አለው። ደንቆሮ ከሚሉኝ ባለጌ ይበሉኝ አለ። ዓመቱ ሲያልቅም ያልተመለሰው በሁለተኛው ፊሽካ እንደሚታወቅበት ስላወቀ ነው። ኳስን እንዴት እንደሚወድ አንተ ታውቃለህ። እኛ ትዕቢት ብለን የኮራንበት ነገር ይኸው ነው እንግዲህ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጆሮው ላይ ለጥፎት የሚውለው ራዲዮስ? ግቢው ሁሉ በመስኮታችን ተሰብስቦ ጨዋታውን ከሱ አፍ የሚሰማውስ? እማማን ስጠይቃት በሰባ አራት ዓመቷ እንደ ልጃገረድ አፈረች። ትዝ ይልሃል፣ ሁልጊዜ ትይዩው ተቀምጣ ሩዝ ስትለቅም ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር? አንተ ትጸልያለች ትል ነበር፤ እኔ ኳስ ትጠላለችና እያጉረመረመች ነው እል ነበር። ለካ ጨዋታውን እየነገረችው ነው! ማን ለማን አቀበለ፣ ማን ሳተ፣ ማን ወደቀ፣ ሁሉንም። አንድ ጊዜ ብቻ ዋሸሁት አለችኝ። ቡድኑ አራት ለባዶ ሲሸነፍ አሳዝኗት ሁለት ነው አለችው፤ በማግሥቱ ከጋዜጣ አንብቦ ሦስት ቀን አኮረፋት። እየሰማኋት ሳቅ መጣብኝ፤ ሳልጨርሰው ግን አንተ ትዝ አልከኝ።

እዚህ ላይ ነው ወንድሜ ነገሩ ወደ አንተ የሚመጣው። በሄድክ በሦስተኛው ዓመት፣ ያን ቀን ስልኩን ለአባባ ስንሰጠው አጠገቡ ቆሜ ነበር። የፋብሪካው ቡድን አምበል ሆነህ፣ የዋንጫው ጨዋታ አራት ቀን ሲቀረው ሳትነግረው መሄድህን አንስተህ፣ እያለቀስክ ይቅርታ እንደጠየቅከው በኋላ ለእናታችን ነግረሃታል። እሱ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ፈገግ ብሎ «እሺ፣ እሺ፣ በርታ። እዚያ ዝናብ አለ?» አለህ። አንተም ዘጋኸው። ይቅርታ ለሚለምን የልጅ ልጅ ስለ ዝናብ የሚያወራ ሰው ልቡ ድንጋይ ነው፣ ከእንግዲህ አታገናኙኝ ያልከው ያን ጊዜ ነው። ስድስት ዓመት ሞላው። ካልከው ሁሉ አንዲት ቃል አልደረሰችውም። እማማ ጆሮውን ታውቃለች፣ ግን ለማንም እንዳትናገር አስምሏታል፤ አንተ ያልከውንም የነገራት የለም። እናታችን ያልከውን ታውቃለች፣ ጆሮውን አታውቅም። ሁላችንም በአንድ ቤት እየበላን እየጠጣን!

ማታ እናታችን ከሥራ ስትገባ ነገርናት። አላመነችም። ፊቱ ተቀምጣ «አባዬ፣ አትሰማም እንዴ?» አለችው። እሱ በመጀመሪያ ያየው እማማን ነው። ከዚያ «ይኸው እየሰማሁሽ አይደል?» አላት። እናታችን ሻርፗን አፏ ላይ አደረገችና ከሥሩ ተናገረች። ዓይኑ አፏን ፈለገ። «ሻርፑን አውርጂውና ንገሪኝ» አላት። ያን ጊዜ እናታችን ተንሰቀሰቀች። ልጅ ሳለች ከኋላው እየጠራችው ዝም ብሎ ሲሄድ የሚጠላት ይመስላት እንደነበር ነገረችው። አባባ እጇን ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

የአንተን የነገርኩት እኔ ነኝ። ቀስ ብዬ፣ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዙሬ፣ ቃል በቃል። ድገሚልኝ አለኝ፤ ደገምኩለት። ሁሉም ሰው ስልክ ሲያነሳ ስለ ዝናብ ሲያወራ ስላየ እሱም እንደዚያው ማለቱ እንደነበር ነገረኝ። ተቀይመኸው ነበር ወይ ብዬ ብጠይቀው «ቡድን ጥሎ መሄድን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?» አለኝ። ከዚያም አንድ በአንድ እያየን «በዚያ ሁሉ ጊዜ ስልክ ላይ ሌላስ ምን ይለኝ ነበር?» ብሎ ጠየቀን። ስልኩን የያዘው እሱ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ ለእኛ ሊነግረን ፊቱን ቢያዞር አባባ አገጩን ይዞ ወደ ራሱ መለሰውና «ለእኔ ንገረኝ» አለው። ነርቩ ስለሞተ ማዳመጫ መሣሪያም አይረዳዎትም ብሎታል። ስንወጣ ለሰፈሩ እንዳናወራ አስማለን፤ «እኔ አምሳ ዓመት ያልሰማሁትን እነሱ በአንድ ቀን አይስሙ» ብሎ። በሳቅ ፈረስን፤ ሳቁ መሐል እናታችን ደግሞ አለቀሰች። እኔም ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ሳልወትፍ ከምሠራበት፣ መኪናው ከሚጮኽበት የማጠፊያ ክፍል አልገባም።

ስለዚህ ስልኩን ተወውና ጻፍለት። ዓይኑ ስለደከመ ፊደሉን ገፋ አድርገህ፣ መሥመሩን አራርቀህ ጻፍ። በሦስቱ ዓመት ስልክ ላይ ያልከውን ሁሉ፣ የምታስታውሰውን ያህል፣ ተራም ቢሆን ጻፍለት።

እናታችን ጉንጭህን አገላብጣ ትስምሃለች፤ ምግብ እንዳትዘልል ትላለች። አጎታችን ያን የዋንጫ ታሪክ ለስንት ሰው እንዳወራ እየቆጠረ አንገቱን ደፍቷል፤ ሰላም ብሎሃል። እማማ ለባለቤትህና ለልጅህ ሰላምታዋ ይድረስ ትላለች፤ አሁን በግልጽ እየጮኸች ነው ኳስ የምትነግረው፣ ዳኛውንም ትሳደባለች። አባባ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ለካ ስጽፍ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያነብብብኝ ኖሯል። ይቅር ብዬሃለሁ ይልሃል ብዬ ልጽፍ ስል እጄን ያዘኝና እንደዚያ አትጻፊ አለኝ። ይልቅስ እንዲህ በይልኝ አለ፦ «አሁን ሰማሁህ።»

የምትወድህ ታናሽ እህትህ
ከቤታችን፣ ከመስኮቱ አጠገብ
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን