ለገላኔ ያመጣሁላት ዓሣ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ሲምቦ፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ መውጣት ጀመርሽ ወይስ አሁንም ልጅሽን ዋቁማን ተደግፈሽ ነው? ባለቤትሽን ጋሽ ኦዳን ያ ሳል ለቀቃቸው? ክረምቱ እንዴት ወጣላችሁ? ሐይቁስ ዘንድሮ ሞላ ወይስ እንደ አምናው ሸሸ? እኔ በአካሌ ምንም አልሆንኩም፣ ፈጣሪ ይመስገን። ልጅሽ ገላኔና ባሏ ናፍያድም ዛሬ ጠዋት ሳያቸው ቆመው ይሄዳሉ። «ደህና ናቸው» ብዬ በአንድ ቃል ያላለፍኩት ምክንያት ስላለኝ ነው። ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

መጀመሪያ በስልክ ልነግርሽ ነበር። ሁለት ጊዜ ካርድ ገዛሁ። ሁለቴም ድምፅሽን ስሰማ ስለ ብርዱ አወራሁ፣ ስለ በቆሎው ጠየቅኩሽ፣ ካርዱ አለቀ። «ድምፅህ ምን ሆነ?» ስትዪኝ ጉንፋን ነው አልኩሽ። ጉንፋን አልነበረም እቴቴ። ፈርቼ ነው።

ሥራዬን በደንብ አስረድቼሽ አላውቅም። ከዚህ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ወደ ሰሜን አንድ ትልቅ ወንዝ ሱፒሪየር የሚባለው ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ሐይቅ ይበሉት እንጂ ማዶው የማይታይ ባሕር ነው። ወንዙና ሐይቁ የሚቀላቀሉበት ረግረግ ድሮ ዓሣ የሚራባበት፣ ወፍ የሚሰፍርበት ነበር። ኋላ ፋብሪካና እንጨት መሰንጠቂያ ከበበውና ሰጋቱራ ሞላው። የእኛ ፕሮግራም ያንን ቆሻሻ ከሥሩ ጠርጎ ሣሩን መልሶ ይተክላል። ቢሮአችን እዚሁ ጎረቤት ከተማ ሴንት ፖል ነው፤ ኃላፊው ከሆንኩ አራት ዓመቴ ነው። የተሾምኩ ቀን ስልኩ ላይ እልል ብለሽ ጆሮዬን አደንቁረሽው ነበር።

የዛሬ ዓመት በዚህ ወቅት ቁፋሮ ላይ ነበርን። ውሃው በረዶ ሊሆን ነው፣ የቀረን የሦስት ቀን ሥራ ነው። ማሽኑን የሚነዳው ሮን የሚባል ሽማግሌ ጠራኝና «ይሄ ጭቃ እንደ ሌላው አይደለም፤ እንደ ናፍጣ ይሸታል። ብናቆምና ብናስመረምረው ይሻላል» አለኝ። ወርጄ አየሁት። ጥቁር ነው፣ ያብለጨልጫል። ካቆምን ሥራው ለከርሞ ሊተላለፍ ነው። «ቀጥል» አልኩት። ማንም አላዘዘኝም፤ ከራሴ አፍ የወጣች ቃል ናት።

በረዶው ቀልጦ ሙቀቱ ሲመጣ ሣሩ በቀለ፣ ዓሣውም ተመለሰ። ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ናፍያድ ቅዳሜ ቅዳሜ ታክሲውን አቁሞ መንጠቆውን ይዞ አብሮኝ መሄድ ጀመረ። ገላኔ ደግሞ በእርግዝናዋ የሥጋ ሽታ ገና ከደጅ ያስመልሳት ነበር። የሚስማማት ዓሣ ብቻ ሆነ፤ የባቱ ሐይቅ ዳር ልጅ አይደለች! አንቺ ቆሮሶ ዓሣ እንደምትጠብሺላት አድርጋ ሎሚና ሚጥሚጣ እያደረገች ትበላለች። ነፍሰ ጡር በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ የዚህን አገር ዓሣ እንዳትበላ የሚመክር ወረቀት አለ፤ ቢሮዬም ተለጥፏል። ናፍያድ ስለ ወረቀቱ ሰምቶ ሲጠይቀኝ «የእኛን ውሃ እኔ አውቀዋለሁ፣ አትስጋ» አልኩት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ በሳምንት ሦስቴም አራቴም በላች። አብዛኛውን በበረዶ ሣጥን አድርጌ ቤቷ ድረስ ያመጣሁላት እኔ ነኝ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል በየዓመቱ የምናስደርገው የዓሣ ምርመራ ውጤት መጣ። ሜርኩሪ ተገኘበት። በትኩሳት መለኪያው ውስጥ የምታዪው ብር መሳይ ነገር ነው። ድሮ ከተዘጋ ፋብሪካ ወጥቶ ከጭቃው ሥር ተኝቶ የኖረውን የእኛ ቁፋሮ ቀስቅሶታል። ከዓሣው ወደ ሰው ደም ይገባል፣ ከእናት ወደ ሆዷ ልጅ ይሻገራል፣ የልጅ አእምሮ ይጎዳል። ቁጥሩን ሦስቴ አነበብኩት። ከዚያ ኮቴን እንኳ ሳልይዝ ወደ ገላኔ ሰፈር፣ ወደ ኮሎምቢያ ሃይትስ ነዳሁ። መንገዱን እንዴት እንዳለፍኩት አላስታውስም።

ስገባ ምሳ ቀርቦ ነበር። ገላኔ ሳህኑን ወደ እኔ እየገፋች «ጋሼ፣ በሰዓቱ ደረስክ፣ ና ብላ» አለችኝ። ሳህኑን አንስቼ ከነዓሣው ቆሻሻ ውስጥ ደፋሁት። የምቀልድ መስሏት ሳቀች። ፊቴን ስታይ ሳቋን አቆመችና እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሮንንም ነገር አልደበቅኩም። ናፍያድ እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ጭቃው ሲሸት እዚያው ነበርክ?» አለኝ። ነበርኩ አልኩት። ተነስቶ ወጣ። ለሦስት ሳምንት አላናገረኝም።

በማግስቱ ደም ሰጠች። ውጤቱ እስኪመጣ ስምንት ቀን ጠበቅን። እቴቴ፣ እኔ ጦርነት ሸሽቼ በእግሬ ድንበር የተሻገርኩ ሰው ነኝ፤ እንደነዚያ ስምንት ቀናት ያለ ፍርሃት ግን አላውቅም። ስልክ በጮኸ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ። ገላኔ ቁጭ ብላ የልጁን እንቅስቃሴ ትቆጥራለች። ጥቂት ከዘገየ «ጋሼ፣ ዛሬ ዝም አለ» ብላ ትደውልልኛለች። እኔም ስልኩን ይዤ፣ እስኪንቀሳቀስላት አብሬያት እጠብቃለሁ።

አለቃዬ ደግሞ ሁለተኛ ምርመራ እስኪደረግ ለሕዝብ እንዳንናገር አዘዘች። ሰው ይሸበራል፣ ፕሮግራሙም ይዘጋል ነው የምትለው። ቅዳሜ ብቻዬን ወደ ወንዙ ሄድኩ። ዳር ዳሩን ከዚህ ከተማ የመጡ የእኛም፣ ሞንግ የሚባሉት የእስያ ስደተኞችም፣ የፈረንጅም ቤተሰቦች መንጠቆ ጥለዋል። አንድ በአንድ እየሄድኩ ነገርኳቸው። አንዱ ሰደበኝ። አንዲት እርጉዝ ግን ባልዲዋን አይታ፣ ቀና ብላ እኔን አይታ፣ ዓሣውን መልሳ ወደ ውሃው ደፋችው። ሰኞ ለአለቃዬ የሠራሁትን ነገርኳት፤ አምና «ቀጥል» ያልኩትም እኔ መሆኔን ጽፌ ፈረምኩ። አሁን ማስጠንቀቂያው በየዳርቻው ተተክሏል፣ ቁፋሮው ቆሟል። እኔም ጉዳዩ እስኪጣራ ከኃላፊነቱ ተነስቻለሁ።

የገላኔ ውጤት ከሚፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ፤ እጅግ የከፋ ግን አይደለም። ሐኪሟ መርዙ ቀስ በቀስ ከደም እንደሚወጣ፣ በየሁለት ወሩ ገደማ በግማሽ እንደሚቀንስ ነገረቻት። በማሽን ሲታይ ልጁ አድጓል፣ ልቡም ደህና ይመታል። ጉዳት ይኖር እንደሆነ ግን እስኪወለድ፣ ምናልባትም አፉን እስኪፈታ ድረስ ማንም አያውቅም አለች። ታኅሣሥ ላይ ይወለዳል።

ገላኔ «እማዬ ትጨነቃለች፣ አትንገራት» ብላ ለምናኝ ነበር። ናፍያድ ነው ባለፈው እሑድ በሬን አንኳኩቶ ቆሞ «አደራ የተቀበልከው አንተ ነህ፤ አንተው ንገራቸው» ያለኝ። እውነቱን ነው። አውሮፕላን ላይ ስታሳፍሪያት «እንደ እኔ ሆነህ ጠብቅልኝ» ብለሽኝ ነበር። ይቅር በዪኝ ብዬ አልለምንሽም፤ ጊዜው ገና ነው። ስትደውዪ ግን መጀመሪያ ለእሷ ደውዪላት፤ አልቅሰሽም ቢሆን ድምፅሽን አሰሚያት። ከሰው ፊት ትስቃለች እንጂ ፍርሃቷ ከእኔ ይብሳል።

ጋሽ ኦዳን ጉልበታቸውን ስመሽ ሰላም በይልኝ፤ ደብዳቤውን ስታነቢላቸው ምንም አትዝለዪ። ዋቁማን በርታ በይልኝ። ጎረቤታችሁን እማማ ከሚሪያንም እንደዚሁ፤ በሶላታቸው ገላኔን ያስቧት። ናፍያድ እጅ ነስቷል። ገላኔ ደብዳቤ መጻፌን ሳታውቅ ትናንት አንድ መልእክት ነግራኛለች፦ ለልጁ ስም የምታወጪው አንቺ ነሽ፣ የወንድም የሴትም አዘጋጂ ብላለች። ስሙን ለእኔ አትንገሪኝ። ለእሷ ንገሪያት።

ወንድምሽ ሞሲሳ
ሚኒያፖሊስ፣ ጥቅምት 2 ቀን 1999 ዓ.ም.