ስድስት ወር የሚለው ወረቀት

ጅማ፣ የካቲት 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ወንድም ጋሼ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? እትዬስ የወገባቸው ሕመም ተሻላቸው? አጋሮ ዝናብ ጠብ ማለቱን ሰምቼ ለቡናው አበባ እሰየው ብያለሁ። እኔ ከእጄ ቃጠሎ በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቴም ደሜ ፈላ። ለምርመራ ኮሚቴው «ኢስሃቅ ትእዛዝ ጥሶ እሳት ውስጥ ገባ» ብለህ ቃል ስጥ ይሉኛል። ሟች አፍ የለውም ብለው ነው?

ኢስሃቅን አያውቁትም። የበቾ ቦሬ ሰፈር ልጅ ነው። እሳት አደጋ ለመግባት ስምንተኛ ክፍል ግድ ስለነበር፣ ቀን ጆንያ እየተሸከመ በማታ ትምህርት ጨረሰ። ከዚያ ስድስት ወር አብረን ሠለጠንን፤ ዓይናችንን ታስረን ጭስ ቤት ውስጥ ስንዳብስ፣ ሰው ተሸክመን መሰላል ስንወርድ ከረምን።

ልጅዎ አልዓዛር ግን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ መጣ። ብሔራዊ ውትድርና እንዳይወስድብዎ ፈሩ፤ አባት ነዎት፣ በዚያ አልፈርድም። እኔ አሠልጣኙ «ጊዜ ይሰጠውና ይማር» ብዬ ለመንኩ። እርስዎ አለቃችንን ይዘው መጡብኝ። በሦስት ሳምንት ዩኒፎርም ለበሰ። ስድስት ወር ሠልጥኗል የሚል ወረቀትም ተጻፈለት።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ የቡና መጋዘን ተቃጠለ። የመጀመሪያ ትምህርታችን፣ ቱቦው ውሃ ሳይሞላ በር አይከፈትም የሚል ነው፤ የታፈነ እሳት አየር ካገኘ ይፈነዳል። አልዓዛር ዘበኛው ውስጥ ቀርቷል ሲባል ሰምቶ በሩን በርግዶ ገባ። ዘበኛው ለካ ከጓሮ ቆሞ ነበር። ኢስሃቅን «ግባና አውጣው» ያልኩት እኔ ነኝ። ልጅዎን ገፍትሮ አወጣው፤ ጣሪያው እሱ ላይ ወረደ። የጋለውን ቆርቆሮ በእጄ ሳነሣ እንኳ ሙቀቱ አልተሰማኝም።

አልዓዛር መሬት ላይ ተቀምጦ፣ «አጎቴ፣ በሩ እንደማይከፈት ማን ነገረኝ?» አለኝ።

ለቅሶ ስንደርስ የኢስሃቅ ሚስት ሱዓድ አልጮኸችም። አላህ ያለው ሆነ አለችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ያ ጉርባ፣ በሩን የከፈተው ልጅ፣ ስንት ወር ተማረ?»

ወንድም ጋሼ፣ ባሏ ትእዛዝ ጥሶ ሞተ ከተባለ ጡረታው ለእሷና ለሁለት ልጆቿ እንደማይሰጥ አልነገሩዎትም? ወይስ እያወቁ ነው የጻፉልኝ?

ዛሬ ጠዋት ኮሚቴው ፊት ቀርቤ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። ወረቀቱንም አስረከብኩ። ከሥሩ ያለውን ፊርማ ለማንበብ የሚቸገሩ አይመስለኝም፤ ስሜን አጥርቼ እንድጽፍ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ቢያስሩኝና ለጥቂት ጊዜ ደብዳቤ ባልጽፍ እትዬ እንዳይሰጉ። አልዓዛርን አይቆጡት፤ ይልቅ ትምህርት ቤት ይመልሱት። እግዚአብሔር ለእርስዎ ዕድሜ፣ ለኢስሃቅ ልጆች አሳዳጊ፣ ለእኔም የምችለውን ያህል ይስጠን።

ታናሽ ወንድምዎ